አገዳ የሆኑት

አሜባን በስሙ የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ ማግኘት ይቸግራል። ሆዱን የቆረጠው ሁሉ «አሜባዬ ተነሣብኝ» ይላል፤ ብዙው ሰው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ውጤቱን ራሱ ወስኖ ይመጣል። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የሰገራ ምርመራ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ይህን ፍጥረት ከብዙ ሰው ይልቅ በቅርብ አውቀዋለሁ። ዛሬ ስለ እሱና ስለ ዘመዶቹ የምጽፈው ግን ከሙያዬ ወጥቶ ቤቴ ድረስ የመጣ አንድ የሃይማኖት ጥያቄ ስላለብኝ ነው።

አሜባን በሕይወቱ ለማየት መፍጠን ያስፈልጋል። ናሙናው ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ እንቅስቃሴውን ያቆምና ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ከነጭ የደም ሕዋስ ለመለየት ያስቸግራል። ትኩሱን በጨው ውኃ በጥብጬ፣ ስላይድ ላይ አድርጌ፣ ስሱን መስታወት ከድኜ በማይክሮስኮፕ ሳየው መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ድቡልቡል ነገር ነው። ጥቂት ስታገሥ ከአንድ ጎኑ ጥርት ያለ ጣት መሳይ ነገር ብቅ ይላል። የቀረው አካሉ፣ በውስጡ ያለው ደቃቅ ፍሬ ሁሉ፣ ወደዚያ ጣት ይፈስሳል፤ ጣቱ አካል ይሆናል፣ ሌላ ጣት ደግሞ ይወጣል። እግርም ዓይንም የለውም፤ የሚሄድበትን ግን የሚያውቅ ይመስላል። አንዳንዴ ውስጡ የሰው ቀይ የደም ሕዋሳት ተውጠው ይታያሉ። ውጤቱን ያለ ጥርጥር የምጽፈው ያን ጊዜ ነው፤ በመልክ እሱኑ የሚመስል፣ ሰውን ግን የማይጎዳ ሌላ አሜባ አለና። ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው በማስረጃ ተደግፎ የተጻፈው በ1993 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጎጂው እንዴት እንደሚገድል ደግሞ በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ሕያው የሆነውን የሰው ሕዋስ እየቆነጠረ ይበላዋል፤ ሕዋሱ ሲሞት ትቶት ይሄዳል።

ውጤታቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት «ይህንንስ እግዜር ለምን ፈጠረው ልጄ?» ብለውኛል። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆታል፤ መምህራኑም ብዙ መልስ ሰጥተውበታል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የክፉው አሜባ ነገር አይደለም። ደግ የሚመስለው ዘመዱ ነው።

አሜባ የሚለው ስም የአንድ ዘር ስም አይደለም። ቅርጹን እየለዋወጠ፣ ራሱን እያፈሰሰ የሚሄድ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ በዘር ሐረግ ግን እጅግ የተራራቁ አሉ። በሞቃት ውኃ የሚኖረውና በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃው ኔግለሪያ ከአንጀቱ አሜባ ጋር የሚገናኘው በመልክ ብቻ ነው። የአንጀቱ አሜባ ያለበት ቅርንጫፍ አሜቦዞዋ ይባላል። የቆየ ቅርንጫፍ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በግራንድ ካንየን ዐለቶች ከተገኙት፣ የዛሬ 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከነበሩት ማሰሮ መሳይ ደቃቅ ቅሪቶች መካከል የዚህ ወገን አሜባዎች ቅርፊት እንዳለ ሊቃውንቱ ያምናሉ። ከዕፅዋት ይልቅም ለእንስሳት፣ ማለት ለእኛ፣ ይቀርባል። ስላይም ሞልድ የሚባሉት ዝልግልግ ፍጥረታት ያሉት በዚሁ ቅርንጫፍ ነው።

ስላይም ሞልዶች በበሰበሰ ግንድ፣ በረገፈ ቅጠል፣ በእበት ላይ ይኖራሉ። ከሻጋታና ከእንጉዳይ ጋር ሲቆጠሩ ኖረው፣ በ1859 ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ አኗኗራቸው ወደ እንስሳ እንደሚያደላ ጻፈ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ስለ ሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ስለነዚህ መጀመሪያ ሳነብ የመጣብኝ ሐሳብ፣ በሦስተኛው ቀን ከበቀሉት ናቸው ወይስ በስድስተኛው ቀን ከተንቀሳቀሱት የሚል ነበር። ሲርባቸው ይሳባሉ፤ ሊባዙ ሲሉ እንደ ተክል ቆመው ያፈራሉ።

ሁለት ዋና ወገን አላቸው። አንደኛው ወገን ፊዛረምን የመሰለው ነው፤ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ዝልግልግ፣ እልፍ ኒውክሊየስ ያለው ግን አንድ ሕዋስ የሆነ። በ2000 ጃፓናዊው ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ በሁለት ጫፉ ምግብ ባለው ውስብስብ መንገድ ውስጥ ቢዘረጉት፣ መውጫ ከሌላቸው መንገዶች ራሱን ሰብስቦ በአጭሩ መንገድ ላይ ብቻ ቀረ። ሰው ስለ ስላይም ሞልድ ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ይህን ብልሃት ነው። እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ወገን ነው።

ከሁለተኛው ወገን ይበልጥ የሚታወቀው ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም ነው። ኬኔዝ ሬፐር የሚባል አሜሪካዊ በ1933 በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ከአንድ ጫካ ከበሰበሰ ቅጠል ውስጥ አገኘው፤ በ1935 ስም አውጥቶ ጻፈው። ከእሱ በኋላ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ታይለር ቦነር ዕድሜውን ሙሉ አጠናው። ምግብ ሳለ እያንዳንዱ አሜባ ለራሱ ይኖራል፤ አፈር ውስጥ ባክቴሪያ እየዋጠ፣ ለሁለት እየተከፈለ። ባክቴሪያው ሲያልቅ ይራባል። ጥቂት ሰዓት ከተራበ በኋላ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ዙሪያው ይለቃል። ጎረቤቱ ይህን ሲቀምስ ወደ መጣበት ይሳባል፤ ራሱም ይለቃል፤ ጥሪው በየስድስት ደቂቃው ገደማ እንደ ሞገድ ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋል። ጠሪው ኬሚካል መሆኑን ቦነር በ1947 በሙከራ አሳየ፤ ምን እንደሆነ የታወቀው ደግሞ በ1967 ነው።

በፊልም የተቀረጸውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ተበታትነው የነበሩት አንዱ የአንዱን ጀርባ ተከትሎ በጅረት በጅረት ይመጣሉ። እስከ መቶ ሺህ የሚደርሱት ተደራርበው፣ ርዝመቱ ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ የሚመስል አንድ አካል ይሆናሉ። ያ አካል ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት ይሳባል። ከዚያ ቆም ብሎ ሽቅብ ይነሣል። ከፊት የነበሩት ሕዋሳት በመሐል በተሠራች ቀጭን ቱቦ እየገቡ ወደ ታች ይሰለፋሉ፤ በሴሉሎስ ግድግዳ ይከበባሉ፣ ውስጣቸው ውኃ ሞልቶ ያብጣል፣ ይጠነክራሉ፣ ይሞታሉ። ከአምስቱ አንዱ ገደማ በዚህ ሁኔታ አገዳ ይሆናል። የቀሩት አራቱ በዚያ በሞቱት ላይ ወጥተው ጫፉ ላይ እንደ ጤዛ ተንጠልጥለው ስፖር ይሆናሉ፤ ትል ወይም ነፍሳት ሲያልፍ ይዟቸው ይሄዳል፤ ምግብ ያለበት ሲደርሱ እንደገና አሜባ ይሆናሉ። ከራብ እስከ ፍሬ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። አገዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሌሎቹ ከአፈሩ ላይ ያን ያህል ከፍ እንዲሉ ከአምስቱ አንዱ ሞተ።

አባቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከደላንታ መጥተው እኔ ዘንድ በሰነበቱበት ጊዜ ይህን አጫወትኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይህስ የሰማዕት ሥራ ነው ልጄ» አሉ። በግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ አራዊትንና አዕዋፍን እያነሣ ምሥጢር እንደሚያስተምር፣ በደሟ ጫጩቶቿን የምታስነሣ ወፍም በዚያ እንዳለች ነገሩኝ፤ የኔዋን ፍጥረት ያንን የጻፈው ሰው ቢያያት ኖሮ አያልፋትም ነበር አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሊያመሠጥሩት ጀመሩ። «አንድም አገዳው መምህር ነው፤ ከላይ ያለው ደቀ መዝሙር። አንድም አገዳው ወላጅ ነው፤ ከላይ ያለው ልጅ።» ጥቂት ዝም ብለው፣ «አንድም አገዳው እህትሽ ናት» አሉ።

እህቴ ታላቄ ናት። እታለም ነው የምላት። አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ኩዌት ለቤት ሠራተኝነት የሄደችው፣ የበልግ ዝናብ ተከታትሎ በቀረበት ጊዜ ነው። ደላንታ የበልግ አገር ነው፤ በልግ ከቀረ ዓመቱ ቀረ ማለት ነው። እሷ በላከችው ገንዘብ እኔ ኮሌጅ ገባሁ፣ ታናሽ ወንድማችን አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ የአባቴ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። አባቴ ያሉት ከልባቸው ነው፤ ከዚያ የበለጠ ክብር የሚሰጧት የላቸውም። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም ያልነገርኋቸው አንድ ነገር ነበር።

አገዳ የሚሆነው ማን እንደሆነ ተጠንቷል። ሁለት ወገን ሕዋሳት፣ አንዱን ስኳር ባለበት ሌላውን ስኳር በሌለበት አሳድገው ቢቀላቅሏቸው፣ በደንብ የበሉት ወደ ስፖርነት ያደላሉ፤ ያልበሉት ወደ አገዳነት። ይህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። ሕዋሱ በሕይወት ዑደቱ ውስጥ የሚገኝበት ደረጃም ድርሻ አለው፤ በተራቡበት ሰዓት ገና የተከፈሉት፣ አቅም ያላጠራቀሙት፣ ዕጣው ብዙ ጊዜ እነሱ ላይ ይወድቃል። ለሌላው የሞተው ከሁሉ የበረታው አልነበረም። ከሁሉ የደከመው ነበር።

እህቴ በአእምሮ ከእኔ አታንስም። ከትምህርት ገበታ የምትቀረው ውኃ ስትቀዳ፣ እናታችን ስትታመም ስታስታምም፣ ገበያ ስትሄድ ነው። እኔ ታናሽ ስለሆንሁ ከዚህ ሁሉ ተርፌ አጠናሁ። ማን ይቀጥል፣ ማን ይሂድ የሚባልበት ቀን ሲመጣ የእሷ ውጤት ዝቅ ያለ ነበር፤ ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ መስሎ ታየን። «እሷ ትሂድ» ብሎ የወሰነ ሰው ማን እንደነበረ ብፈልግ አላገኝም። አባቴ አላዘዟት፤ እናቴ አልቅሳለች፤ ደላላውም ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ የስላይም ሞልዱ ታሪክ የሚያስደንቅ ነገር አለው። ሕዋሳቱ ለመሰብሰብ ሲነሡ የሚጠራቸው አለቃ አለ ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ከሌሎቹ የተለየ፣ ጥሪውን የሚጀምር መሥራች ሕዋስ። በ1970 ኢቭሊን ፎክስ ኬለርና ሊ ሲገል በሒሳብ እንዳሳዩት ግን አለቃ አያስፈልግም። ሁሉም እኩል ሆነው፣ በራብ ምክንያት ኬሚካሉን የመልቀቅና የመቅመስ ጠባያቸው ብቻ ሲለወጥ፣ ተበታትኖ የነበረው በራሱ ይከማቻል። ኬለር በ1983 በጻፈችው ጽሑፍ፣ ሳይንቲስቶች ይህን ከመቀበል ይልቅ አዛዥ ሕዋስ መፈለጋቸውን ለምን እንደቀጠሉ ጠይቃለች። ጥያቄዋ ጥልቅ ነው። ሰው አለቃ የሌለው ነገር አይዋጥለትም፤ የሚያመሰግነው ወይም የሚከስሰው ይፈልጋል። እኔም በቤታችን አዛዥ ፈልጌ አጣሁ። ነገር ግን ከዚህ በመነሣት «እንግዲያ ማንም ኃላፊነት የለበትም» ማለት ለሕዋሳት ነው እንጂ ለእኛ አይሆንም። ሕዋሱ «ለምን እሷ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። እኛ አምስታችን አንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር፤ ማናችንም መጠየቅ እንችል ነበር።

በማግስቱ ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኋቸው። ጥያቄዬም ይኸው ነው፦ ያልመረጠ ሰው መሥዋዕት ሆነ ይባላል ወይ? አባቴ የሚረቱበትን ያውቃሉ። «የይስሐቅ ቤዛ የሆነውን በግ ማን ጠየቀው?» አሉኝ። መልካም ክርክር ነው። ነገር ግን በዚያ ታሪክ መሥዋዕት ያቀረበው አብርሃም ነው፤ በጉ የቀረበው ነው፤ በጉን ሰማዕት ያለው የለም። አንድ ሰው ሌላውን ሰው አቅርቦ ሲያበቃ የቀረበውን «እንዴት ያለ ልብ ነበረው» ብሎ ቢያመሰግነው፣ ምስጋናው ለራሱ ለአቅራቢው መጽናኛ ይሆናል። ስለ መድኃኔዓለም ሞት ስትናገር ቤተ ክርስቲያናችን በፈቃዱ መሆኑን ሳታነሣ አታልፍም፤ ተገዶ ቢሆን ኖሮ ፍቅር ሳይሆን ግፍ ብቻ ነበርና። የሰማዕታቱም ገድል እንዲሁ ነው። ዱድያኖስ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወዲያው አልገደለውም፤ ለጣዖት ስገድ፣ ትከብራለህ ብሎ ለመነው፤ ደጋግሞ ደጁን ከፈተለት። ገድል የሚጽፉ አባቶች ይህን ልመና የሚያስቀሩበት ጊዜ የለም። ደጁ ዝግ ከነበረ ሰማዕትነቱ በምን ይታወቃል?

አባቴ «እና ከፍጥረት አንማርም ልትይ ነው? ሰሎሞን ሰነፉን ወደ ጉንዳን ልኮት የለም ወይ?» አሉ። አንማርም አላልሁም። ግን ከአገዳው ሰማዕትነትን ከተማርን ሌላውንም አብረን ልንማር ነው። በ2000 ጆአን ስትራስማንና ዴቪድ ክዌለር ከባልደረባቸው ጋር እንዳሳተሙት፣ የተለያየ ዘር ያላቸው የዚህ ፍጥረት ሕዋሳት ሲቀላቀሉ አንዳንዱ ዘር በአገዳው ሳይካፈል ከስፖሩ ከድርሻው በላይ ይወስዳል። አጭበርባሪዎች ይሏቸዋል። ይህን ለመከላከልም ሕዋሳቱ የገዛ ዘራቸውን የሚለዩበት ጂን አላቸው፤ በላያቸው ያለው ፕሮቲን ከጎረቤቱ ፕሮቲን ጋር ካልገጠመ ይለያያሉ። ስለዚህ አገዳው የሞተው ለወንድሙ ነው፤ ለባዕድ ደጅ አይከፍትም። ጌታ በምሳሌ ያስተማረው ሳምራዊ ግን ያነሣው ዘሩን አልነበረም። የስላይም ሞልዱ ደግነት ከሚቆምበት በኋላ ነው ትእዛዙ የሚጀምረው። የአንጀቱ አሜባም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን አንርሳ፤ ከእሱ ምን ልንማር ነው?

ከውጭ የሚያይ ሰው የፍጥረትን ክብር በየት በኩል እንደሚያስቀምጥ አንድ ጃፓናዊ ከእኔ አስቀድሞ አስቦበታል። ሚናካታ ኩማጉሱ ይባላል፤ ከ1867 እስከ 1941 የኖረ፣ ታናቤ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ስላይም ሞልድ ሲሰበስብ ያረጀ ሊቅ ነው። መንግሥት ትንንሽ የመንደር ቤተ መቅደሶችን አፍርሶ ከትልልቆቹ ጋር ሊቀላቅል ሲነሣ፣ ከመቅደሶቹ ጋር ጥንታዊ ዛፎቻቸው ይቆረጣሉ ብሎ በመቃወሙ በ1910 ታስሯል። (የእኛን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላየ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።) በ1929 ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ሊያየው ሲመጣ 110 የስላይም ሞልድ ናሙና በከረሜላ ካርቶን አድርጎ አቀረበለት። ሚናካታ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የቡድሃ እምነቱን መሠረት አድርጎ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያነሣል፦ ዝልግልጉ ሲሳብና ሲበላ ሳለ ሰው እንደ አክታ ያየዋል፣ ከሞተ ነገር ይቆጥረዋል፤ ደርቆ ሲቆምና ሲያፈራ ግን «እነሆ በቀለ» ይላል። ሕያው ሆኖ የኖረው ያኔ እንደነበር፣ የቆመው ፍሬ ግን የዚያ ሕይወት ማብቂያ መሆኑን አያስተውልም። እኛም እህቴን ያመሰገንናት የሚታይ ነገር ሲቆም ነው፦ ቆርቆሮው፣ የኔ ዲፕሎማ፣ የወንድሜ ደብተር። ኩዌት ውስጥ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ቆማ ዕቃ የምታጥበዋን ልጅ ያያት የለም።

ስለ አገዳው ባነበብሁ ቁጥር ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ሐሳብ ይከተለኝ ነበር። ተበታትኖ የኖረ ሕዋስ በራብ ጊዜ ተሰብስቦ ፍሬ ተሸክሞ መቆም፣ በሕይወት ዛፍ ላይ ቅርበት በሌላቸው ቅርንጫፎች ለየብቻው ተደጋግሞ ተገኝቷል፦ በአሜቦዞዋ፣ ኔግለሪያ ባለበት ወገን በሚገኙት አክራሲዶች፣ ለእኛ በሚቀርበው በፎንቲኩላ፣ ሌላው ቀርቶ በአሜባነት በማይቆጠረው በሶሮጅና። ራብ በመጣ ቁጥር ሕይወት ወደዚህ መላ ይመጣል። ታዲያ አገዳ መሆንም የማይቀር ሕግ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ የሬፐርን ስም ተከትዬ ሳነብ። በ1958 ሬፐርና ኩዊንላን አሲቶስቴሊየም የሚባል የዲክቲዮስቴሊየምን የቅርብ ዘመድ ገለጹ። እሱም ሲርበው ይሰበሰባል፣ እሱም አገዳ አቁሞ ስፖር ያፈራል። አገዳው ግን ሕዋስ የለበትም። ሕዋሳቱ ሁሉ በአንድነት ከየራሳቸው ሴሉሎስ እያመነጩ ባዶ ቀጭን ዘንግ ይሠራሉ፤ ሠርተው ሲያበቁ ሁሉም ወደ ጫፉ ወጥተው ስፖር ይሆናሉ። የሚሞት የለም። አክራሲዶቹም በአገዳ የቆሙትን ሕዋሳት አይገድሏቸውም፤ ጊዜው ሲመቻች የአገዳው ሕዋሳትም እንደ ስፖሮቹ ተነሥተው ይሄዳሉ። ዋጋ የለውም አልልም፤ የአሲቶስቴሊየም አገዳ እንደ ጸጉር የሰለለ ነው፣ የሚሸከመውም ጥቂት ነው። ከአምስቱ አንዱን የገደለው ወገን ወፍራም አገዳ አለው፣ ከፍ ይላል፣ ብዙ ይሸከማል። ነገር ግን በአንድ ጫካ አፈር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ራብ፣ ሁለቱም ይኖራሉ። ራብ መሰብሰብን አስገደደ እንጂ አንዱ እንዲሞት አላስገደደም።

ይህን ለአባቴ ስተርክ እታለም ቡና እያፈላች ትሰማ ነበር። ከተመለሰች ቆይታለች፤ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሁለተኛውን ቀድታ ስትጨርስ ጀበናውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺም አባባም ስለ እኔ ነው የምታወሩት፤ እኔን ግን አልጠየቃችሁኝም» አለች። «የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ማንም መሥዋዕት አይበልብኝ። እሱ ራብ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ አላሰብሁም፤ መቅረት የሚባል ነገር ፊቴ አልነበረም። ኮንትራቴን ስጨርስ ግን ትኬቴ በእጄ ነበር። ሻንጣዬን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀምጬ ሌሊቱን ሙሉ አሰብሁ። አንቺ ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርሽ። ጠዋት ሻንጣዬን ከፈትሁት። እሱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱን አትውሰጂብኝ።»

እኔ እሷን ከሞተ ሕዋስ ለማዳን ስከራከር፣ እሷ የሰጠችውን ስጦታ ከእጇ ልወስድ ደርሼ ነበር። ግን የተናገረችው ጥያቄዬን አላፈረሰውም፤ ይልቅስ ከእኔ በተሻለ መለሰችው። ያው ሰው፣ ያው ቤት፣ ያው ድካም፤ አንደኛው ሁለት ዓመት ግዴታ ነው፣ ሁለተኛው ስጦታ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ትኬት በእጅ የተያዘበት አንድ ሌሊት ነው።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በትራቸውን ፈልገው ሊነሡ ሲሉ እታለም ደገፈቻቸው። «እንግዲያ ለኋለኛው ነው የማመሰግንሽ» አሏት። «ለፊተኛው ይቅር በይኝ። አባት ነኝና መጠየቅ ነበረብኝ።» እሷም ጉልበታቸውን ስማ «ይቅር በይኝ አይበሉኝ አባባ፤ ይቅርታን ከእርስዎ የምቀበለው እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። እናቴ በሕይወት ብትኖር ይህን ብትሰማ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አሜባ ብዙ አላወራንም። እታለም በዚህ ዓመት የማታ ትምህርት ጀምራለች፤ ካቆመችበት ክፍል ነው የቀጠለችው። ሱቁን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማታ ማታ ወንድማችን ይከፍታል፤ ሐሙስና ዓርብ ከሥራ ስወጣ እኔ እቀመጣለሁ። ሽያጩ ትንሽ ቀንሷል፤ ወንድማችን ዋጋ ይረሳል፣ እኔም ዱቤ መከልከል አልችልም። ሒሳብ ነው የሚያስቸግራት፤ ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብለን አብረን እንሠራለን።